የሚዛን ሐቅ በረመዳን ይሰረዛልን?

የጠያቂው ደብዳቤ፦

«አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የምኖረው በሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከሸዋ ሮቢት ብዙም በማትርቅ አነስተኛ ከተማ ሲሆን፣ ከገበሬው ማሾና ማሽላ እየሰበሰብኩ ለትልልቅ ነጋዴዎች የማስረክብ የእህል ነጋዴ ነኝ። ሥራውን ከአጎቴ ስረከብ አብሮ የተረከብኩት ሚዛን የገበሬውን መቶ ኪሎ ዘጠና ስድስት አድርጎ የሚያሳይ ነበር። ይህን እያወቅሁ፣ ‹ሁሉም ነጋዴ የሚያደርገው ነው› እያልኩ ለዓመታት ገዛሁበት። ካለፈው ረመዳን ወዲህ ግን በትክክለኛ ሚዛን እሠራለሁ፤ አሮጌው አሁንም መጋዘኔ ውስጥ ተቀምጧል። ዘንድሮ በረመዳን ሌሊት በሚሰገደው ተራዊሕ ላይ ቆሜ ኢማሙ ቁርኣን ሲቀሩ እንባዬ ይወርዳል፤ ከሰላቱ በኋላ ደግሞ ጾሜም ሰላቴም ዋጋ የለውም የሚል ሐሳብ እየመጣ ስለሚያስጨንቀኝ መስጊድ መሄዱን ልተወው እስከማለት ደርሻለሁ። አንድ ወዳጄ የሃያ ሰባተኛዋን ሌሊት በዒባዳ ካሳለፍክ ሁሉም ይታበስልሃል ብሎኛል። እኔም በዚያ ቀን በሬ አርጄ ለመስጊዱ ጀመዓ ኢፍጣር ለማብላት አስቤያለሁ። ይህ ይበቃኛል ወይ? ከበደልኳቸው ገበሬዎች አንዳንዶቹ ሞተዋል፤ አንዳንዶቹ በአካባቢያችን በደረሰው ግጭት ተፈናቅለው የት እንዳሉ አላውቅም፤ ብዙዎቹም ክርስቲያኖች ናቸው። ፊት ለፊት ሄጄ ብናገር ስሜ ይጠፋል፣ ልጆቼም ያፍሩብኛል ብዬ እፈራለሁ። ለባለቤቴስ መንገር ይገባኛል?»

መልስ፦

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድማችን፣ ጥያቄዎችዎን በጻፉበት ቅደም ተከተል ሳይሆን ይበልጥ ከሚያስቸኩለው ጀምረን እንመልስልዎ፤ የሚያስቸኩለውም መስጊድ መሄዱን ልተወው ማለትዎ ነው። አይተዉት። ጾምዎም ሆነ ሰላትዎ መሥፈርቱን አሟልተው እስከፈጸሟቸው ድረስ ባለፉት ዓመታት በሠሩት በደል ምክንያት አይፈርሱም፤ በሰው ገንዘብ መጠየቅ ሌላ፣ የራስን ግዴታ መተው ሌላ ጉዳይ ነውና፣ አንዱ ዕዳ አለብኝ ብሎ ሌላ ዕዳ መጨመር መፍትሔ ሊሆን አይችልም። በቁርኣን በሱረቱ አዝ-ዙመር 53ኛ አንቀጽ ላይ አላህ በራሳቸው ላይ ወሰን ያለፉ ባሮቹን ከእዝነቱ ተስፋ እንዳይቆርጡ፣ እርሱ ኃጢአትን ሁሉ የሚምር መሆኑን ይነግራቸዋል። ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ) ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ዘጠና ዘጠኝ ነፍስ ያጠፋ የጥንት ሰው ታሪክ ነግረውናል። ሰውየው ተውባ (ንስሐ) ይኖረኝ እንደሆነ ብሎ መጀመሪያ የጠየቀው ዕውቀት የሌለው ባሕታዊ «የለህም» ቢለው እርሱንም ገድሎ መቶ ሞላ፤ ቀጥሎ የጠየቀው ዐዋቂ ግን «በአንተና በተውባ መካከል ማን ሊገባ ይችላል?» ብሎ ክፉ ሥራ ከሚሠራበት አገር ወጥቶ መልካም ሰዎች ወዳሉበት እንዲሄድ መከረው፤ በመንገድ ላይ ሳለም ሞቶ የእዝነት መላእክት ተረከቡት። የመጀመሪያው መላሽ የሰጠው ተስፋ መቁረጥ አንድም ነፍስ አላዳነም፤ ይልቁንም የራሱን አስጨመረ። በልብዎ ውስጥ «ዋጋ የለህም» የሚለው ድምፅም ከዚያ የተሻለ ነገር አይወልድም።

ስለዚህ በእምነትና ምንዳውን ከአላህ በመጠበቅ ረመዳንን የጾመ ሰው ያለፈ ኃጢአቱ እንደሚማርለት የሚናገረው ሐዲስ እርስዎንም ይመለከታል፤ ወዳጅዎ ያሰባትን ለይለቱል ቀድርን፣ ማለትም የረመዳንን ታላቅ ሌሊት፣ በዚሁ ሁኔታ ቆሞ ያሳለፈም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ይህንን ተስፋ የነገሩን ነቢይ ራሳቸው ወሰኑንም ነግረውናል። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አምስቱ ሰላቶች፣ ከጁምዓ እስከ ጁምዓ፣ ከረመዳን እስከ ረመዳን በመካከላቸው ያለውን ኃጢአት የሚያስተሰርዩት ከባድ ወንጀሎች ሲራቁ መሆኑን ገልጸዋል። በአላህ መንገድ ሕይወቱን ለሰጠው ሸሂድ እንኳ ከዕዳ በስተቀር ሁሉም ወንጀል እንደሚማርለት በሌላ ሐዲስ ተናግረዋል። ሸሂድ ያልተላቀቀውን ዕዳ ወዳጅዎ በአንዲት ሌሊት ሊያላቅቅዎ መፈለጉ ከፍቅር እንጂ ከክፋት የመጣ አይመስለንም፤ ዳሩ ግን መንገዱ አይደለም። ሌሊቷም ብትሆን በመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች፣ በተለይም በጎዶሎዎቹ እንድትፈለግ ታዘዘ እንጂ ሃያ ሰባተኛዋ ብቻ ናት ተብሎ አልተቆረጠም፤ ዑበይ ኢብኑ ከዕብን የመሰሉ ሰሓቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) በሃያ ሰባተኛዋ ላይ የጸና አቋም ቢኖራቸውም።

ኢማም ነወዊና ሌሎች ሊቃውንት እንዳብራሩት ወንጀሉ በባሪያውና በአላህ መካከል ብቻ ሲሆን ተውባው የሚሟላው ወንጀሉን በመተው፣ በመጸጸትና ዳግም ላለመመለስ በመቁረጥ ነው፤ የሰው ሐቅ ሲኖርበት ግን አራተኛ ነገር ይጨመራል፣ እርሱም ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ ወይም ባለቤቱ ዐውቆ እንዲተውለት ማድረግ ነው። እርስዎ ሚዛኑን ትተዋል፤ እንባዎ የጸጸትዎ ምስክር ነው፤ በትክክለኛ ሚዛን መሥራትዎም ላለመመለስ የቆረጡ መሆንዎን ያሳያል። ደብዳቤዎ ውስጥ የጎደለው አራተኛው ብቻ ነው፤ ከተራዊሕ በኋላ የሚያስጨንቅዎም እርሱ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ከሆነ ጭንቀቱ ጤነኛ ነው፤ የተሳሳተው ወደ መስጊዱ በር ማመልከቱ ነው እንጂ ወደ ገበሬዎቹ ደጅ ቢያመለክት ትክክል ነበር።

ስለ ሚዛን ወንጀልነት ረጅም ነገር ልንጽፍልዎ አያስፈልግም፤ ስለ ጉዳዩ በስሙ የተጠራ ሙሉ ሱራ አለና። ሱረቱል ሙጠፊፊን (የሚዛን አጉዳዮች ሱራ) የሚጀምረው ከሰዎች ሲሰፍሩ አስሞልተው በሚወስዱት፣ ለሰዎች ሲሰፍሩ ወይም ሲመዝኑ ግን በሚያጎድሉት ላይ ወዮታን በማወጅ ሲሆን፣ ወዲያው አስከትሎ እነዚያ ሰዎች ለታላቁ ቀን እንደሚቀሰቀሱ አያስቡምን ብሎ ይጠይቃል። የነቢዩ ሹዐይብ ሕዝብ የሆኑት የመድየን ሰዎችም ከሽርክ (በአላህ ላይ ከማጋራት) ቀጥሎ የተወቀሱት በስፍርና በሚዛን ነበር። «ሁሉም ነጋዴ የሚያደርገው ነው» የሚለው ምክንያት መድየን ላይ ሙሉ በሙሉ እውነት ነበር፤ ያውም ከተማው በሙሉ ያደርገው ነበርና፣ ግን አላዳናቸውም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ፤ የእርስዎ አካባቢ የሆነው የይፋት ምድር ሙስሊም ከጥንት ጀምሮ ኑሮው ከንግድ ጋር የተሳሰረ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ይፋትን የገዙት የወላስማዎች ሱልጣኔት የተነሣው በንግድ መሥመር ላይ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም በአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ ከባሕር ዳርቻ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ገበያ ነበረች። እንዲህ ባለ አገር ሰው የሙስሊሙን ሃይማኖት የሚያውቀው በመስጊዱ ሚናራ ሳይሆን በሚዛኑ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የእርስዎ ሚዛን ሲያጎድል የጎደለው አራት ኪሎ ብቻ አልነበረም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቀን ባልደረቦቻቸውን ከሰረ የሚባለው ማን እንደሆነ ጠይቀዋቸው፣ ገንዘብም ንብረትም የሌለው ነው ብለው ቢመልሱላቸው፣ ከሕዝባቸው የከሰረው በትንሣኤ ቀን ሰላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ የሚመጣ፣ ነገር ግን ይህንን የሰደበ፣ የዚያን ገንዘብ የበላ፣ የሌላውን ደም ያፈሰሰ ሰው መሆኑን ነገሯቸው። መልካም ሥራው እየተነሣ ለተበዳዮቹ ይከፋፈላል፤ ዕዳው ሳያልቅ መልካም ሥራው ካለቀ ደግሞ ከእነርሱ ኃጢአት እየተነሣ ይጫንበታል። ይህ ሐዲስ ሰላት አይጠቅምም አይልም። ሰላቱና ጾሙ ትክክለኛና የተመዘገቡ ናቸው፤ ችግሩ ባለቤታቸው ሌላ ሰው ሊሆን መቻሉ ላይ ነው። ዘንድሮ የጾሙትን ረመዳን፣ ማሾውን አራግፎልዎ ወደ ቤቱ ለተመለሰው ገበሬ አስረክበው እንዳይገኙ ከፈለጉ ኪሎውን በዚህ ዓለም ይመልሱለት። በደል የፈጸመ ሰው ዲናርም ዲርሃምም ከማይኖርበት ቀን በፊት ዛሬውኑ ይላቀቅ የሚለው የቡኻሪ ሐዲስም የሚያዘው ይህንኑ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ወደ በሬው እንምጣ። ጾመኛን ማስፈጠር ታላቅ ምንዳ አለው፤ ይሁንና በመጋዘንዎ ካለው ሀብት ውስጥ የተወሰነው የእርስዎ አይደለም፣ የእርስዎ ያልሆነውንም በስምዎ ማብላት አይችሉም። አላህ መልካም ነው፣ መልካምን እንጂ አይቀበልም ተብሏል። ጀመዓው በልቶ «አላህ ይቀበልዎ» ሲል የማሾው ባለቤት በቆላው መሬት ላይ ዘር መግዣ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሬውን ለጊዜው ይተዉትና የበሬውን ዋጋ ለመጀመሪያዎቹ ባለሐቆች ያውሉት። ይህ ምክር ለመስጊዱ ጀመዓ ደስ ላይል እንደሚችል እናውቃለን።

ሒሳቡን እንዴት ላውጣ ማለትዎ አይቀርም። እህል በዓይነቱ የሚተካ ነገር ስለሆነ አብዛኞቹ የፊቅህ (የሸሪዓ ሕግ) ሊቃውንት ያለ አግባብ የተወሰደ እህል የሚመለሰው በዚያው ዓይነትና መጠን ነው ይላሉ፤ የዚህም ትርጉም እርስዎ ያለብዎ ያን ጊዜ የነበረው ብር ሳይሆን ኪሎው ነው ማለት ነው። በዚህ ዘመን ልዩነቱ ከባድ ነው፤ ከብዙ ዓመት በፊት በነበረው ዋጋ ተሰልቶ የሚመለስ ገንዘብ ዛሬ ለገበሬው የሚገዛለት ማሾ ከወሰዱበት እጅግ ያነሰ ነውና፣ በብር ቆጥሬ ጨረስኩ የሚል ሰው በዕዳ አከፋፈሉም ላይ ሌላ ሚዛን አጉድሎ ሊገኝ ይችላል። ለምሳሌ አንድ ገበሬ በየዓመቱ አሥር ኩንታል ሲያስረክብዎ ለስድስት ዓመት ከቆየ፣ በኩንታል አራት ኪሎ ሲታሰብ 240 ኪሎ፣ ማለትም ሁለት ኩንታል ከአርባ ኪሎ ይመጣል። በእህሉ ቢመልሱለት ይሻላል፤ እርሱ በገንዘብ ይሁንልኝ ካለ ደግሞ በሚመልሱበት ቀን ገበያ ዋጋ ይተምኑት። የግዢ መዝገብ ካለዎ እርሱን ይመልከቱ፤ መዝገብ የሌለውን እስከሚችሉት ድረስ አስታውሰው ይገምቱ፣ ሲጠራጠሩም ከራስዎ ይልቅ ለገበሬው ወደሚያደላው ቁጥር ያዘንብሉ። ከእርስዎ በፊት በአጎትዎ እጅ ስለተመዘነው እርስዎ አይጠየቁም፤ አጎትዎ በሕይወት ካሉ ግን ይህንኑ ነገር በአክብሮት ቢያነሡላቸው መልካም ነው።

አሁን ወደሚያስፈራዎ ነገር እንግባ። በኢስላም ለሰው መናዘዝ የሚባል ግዴታ የለም፤ እንዲያውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኡመታቸው በሙሉ ይቅርታ የሚደረግለት መሆኑን ሲናገሩ፣ አላህ የሸፈነላቸውን ወንጀል ራሳቸው በአደባባይ የሚገልጡትን ለይተው አውጥተዋል። ስለሆነም በገበያ መካከል ቆመው «ስሰርቃችሁ ኖሬአለሁ» ማለት አይጠበቅብዎም፣ አይገባምም። ነገር ግን ሽፋንን መሻትና ዕዳን መደበቅ አንድ እንዳይሆኑብዎ ይጠንቀቁ። ሐቁ ወደ ባለቤቱ መድረስ አለበት፤ የሚደርስበት መንገድ ግን ብዙ ነው። «ከድሮ ሒሳባችን በእኔ ዘንድ የቀረ ሁለት ኩንታል ከአርባ ኪሎ ማሾ አለህ፣ ተሳስቤ ነው ያገኘሁት» ብለው በግልጽ ቢሰጡት እውነት ነው፣ ውሸትም የለበትም። «በስጦታ ያመጣሁልህ ነው» ማለት ግን አይገባም፤ የራሱን ንብረት ሰጥተውት እንዲያመሰግንዎ ማድረግ ስለሚሆን። ፊት ለፊት መገናኘቱ ጠብ ያስነሣል ብለው ከሠጉ ምሥጢር በሚጠብቁ ሽማግሌ ወይም በመስጊዱ ኢማም በኩል ስምዎ ሳይነሣ «የአንተ ሐቅ ነው፣ ባለዕዳው ልኮልህ ነው» ተብሎ ሊደርሰው ይችላል። ገበሬው በራሱ ጠርጥሮ «ሚዛንህ ነበር እንዴ?» ብሎ ከጠየቀዎ ግን አይካዱ። በእርግጥ ሊቆጣ ይችላል፤ የገበሬው ቁጣ ግን ከሚፈሩት ይልቅ አጭር ነው ብለን እንገምታለን፣ ምክንያቱም በቆላው አገር ሚዛን እንደሚያጎድል ሳይጠረጥር እህሉን ለነጋዴ የሚያስረክብ ገበሬ ማግኘት ከባድ ነው፤ ያልጠበቀው መመለሱን ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ በአካባቢያችን ስለተለመደ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። ረመዳን ሊገባ ሲል ወይም በዒዱ ቀን «ያወቅሁትንም ያላወቅሁትንም አውፍ በሉኝ» መባባል ያማረ ልማድ ነው፤ ቂም ይፈታል፣ ጎረቤትም ያቀራርባል። ሆኖም ብዙ ጊዜ ይህ ቃል የገንዘብ ዕዳን ማድበስበሻ ሆኖ ሲያገለግል እናያለን። ሰላምታ የሰጡት ገበሬ «አውፍ ብያለሁ» የሚለው ምናልባት ለክፉ ንግግር ወይም ለአንድ ቀን ኩርፊያ መስሎት ነው፤ ሁለት ኩንታል ከአርባ ኪሎ መሆኑን ቢያውቅ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ከሊቃውንትም ከፊሎቹ ባለሐቁ መጠኑን የማያውቀውን ዕዳ ይቅር ማለቱ አይጸናም ይላሉ። እንግዲህ አውፍታ ለመጠየቅ ከመረጡ መጠኑን ነግረውት ይጠይቁት፤ ካልቻሉ ደግሞ ይቅርታውን ሳይጠይቁ ኪሎውን ይመልሱለት።

ይቅርታውም ቢሆን የእነርሱ ስጦታ እንጂ የእርስዎ መብት አይደለም። በሱረቱ አን-ኑር 22ኛ አንቀጽ ላይ አላህ ይቅር እንዲሉና እንዲያልፉ አማኞችን ሲያሳስብ «አላህ ለእናንተ እንዲምር አትወዱምን?» ይላቸዋል፤ አቡበክር አስ-ሲዲቅ የነቢዩ ባለቤት የሆኑትን ልጃቸውን ዓኢሻን በሐሰት ካሙት ጋር የተሳተፈውን ዘመዳቸውን ሚስጠሕን ከእንግዲህ አልረዳውም ብለው ከማሉ በኋላ ይህ ሲወርድ፣ «አዎን፣ አላህ እንዲምረኝ እወዳለሁ» ብለው ድጎማውን እንደመለሱለት ይታወቃል። ታላቅ አንቀጽ ነው፤ እርስዎ ግን ይዘውት ሄደው ለተበዳዩ እንዳይጠቅሱለት አደራ። አንቀጹ ለአቡበክር ወረደ እንጂ ሚስጠሕ አቡበክርን እንዲያስገድድበት አልተሰጠውም።

የሞቱትን በተመለከተ ሐቁ የወራሾቻቸው ነው፤ ለአንድ ትልቅ ልጅ ብቻ ሰጥቶ መሄድ ሳይሆን ሚስቱና ሴቶች ልጆቹም ድርሻቸው እንዲደርሳቸው ያድርጉ። የተፈናቀሉትን በዘመዶቻቸው፣ በቀድሞ ጎረቤቶቻቸውና በቀበሌያቸው በኩል ያጠያይቁ፤ ብዙዎች ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ሌሎች ከተሞች ስለሄዱ ስልክ ቁጥራቸውን የሚያውቅ ዘመድ አይጠፋም፣ በስልክ ገንዘብ መላክም ዛሬ ቀላል ነው። ከልብ ፈልገው ያጡትን ደግሞ በባለቤቱ ስም ሰደቃ ይስጡለት። ከሰሓቦች አብዱላህ ኢብኑ መስዑድ አንዲት አገልጋይ ገዝተው ሻጩ ዋጋውን ሳይቀበል ስለጠፋባቸው አንድ ዓመት ሙሉ ከፈለጉት በኋላ ገንዘቡን በስሙ ለድኾች መስጠት እንደ ጀመሩ፣ ባለቤቱ ከመጣ ግን ምንዳው ለራሳቸው ሆኖ ዕዳው በእርሳቸው ላይ እንደሚሆን መናገራቸው ተላልፏል። እርስዎም እንዲሁ ያስቡ፤ ሰውየው አንድ ቀን በሩን ቢያንኳኳ «ሰደቃ አድርጌልሃለሁ» ብለው አይመልሱትም፣ ሰደቃውን ከወደደ ምንዳው የእርሱ ነው፣ ካልወደደ ማሾውን ይሰጡታል። ይህ ሰደቃ ከዘካዎም ሆነ ከዘካተል ፊጥር አይቆጠርም።

ክርስቲያን በመሆናቸው የሚቀነስ ሐቅ የለም። በሱረቱል ማኢዳህ 8ኛ አንቀጽ ላይ ለሕዝቦች ያለን ጥላቻ እንኳ ከፍትሕ እንዳያስወጣን ታዘናል፤ ጥላቻ እንኳ ሰበብ ካልሆነ የጉርብትና ሐቅማ ምን ያህል ይከብድ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ622 ከመካ ሲሰደዱ ሊገድሏቸው ያሤሩባቸው ቁረይሾች ንብረታቸውን በእርሳቸው ዘንድ በአደራ አስቀምጠው ነበር፤ ንብረቱን ይዘው አልሄዱም፣ ወይም የጠላት ነው ብለው አላስቀሩትም፣ የአጎታቸውን ልጅ ዓሊይን ወደ ኋላ አስቀርተው አደራው ለየባለቤቱ እስኪመለስ እንዲቆይ አደረጉ። ክርስቲያኑ ገበሬ ሐቁን ከሙስሊም ነጋዴ እጅ በረመዳን ቢቀበል ስለ ሃይማኖታችን የሚነገረው ነገር ከብዙ ስብከት ይበልጣል፤ ይሁን እንጂ ይህንን ዓላማ አድርገው አይሂዱ፣ የሚሄዱት ዕዳ ለመክፈል ነው።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻሉስ? አሁኑኑ ሱቁን ሸጠው ልጆችዎን ለልመና ያውጡ የሚል የለም። ከየምርት ወቅቱ ትርፍ ላይ እየለዩ፣ ድኻውንና አረጋዊውን እያስቀደሙ ይክፈሉ፤ ቁርጠኝነቱ ካለ አላህ ሐሳብዎን ያውቃል። ግን ዝርዝሩን ጽፈው ያስቀምጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊናዘዝበት የሚገባ ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ተጽፎ ሳይኖር ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው ተናግረዋል፤ ከዚህ በላይ ሊጻፍ የሚገባ ነገር ያለው ሰው ደግሞ ከእርስዎ ሌላ ብዙ አይመጣልንም። የገበሬው ስም፣ ቀበሌው፣ ኪሎው፣ የተከፈለውና የቀረው በግልጽ ተጽፎ ሁለት ታማኝ ምስክሮች ይፈርሙበት፤ ከሞትዎ በኋላ ወራሾችዎ ንብረቱን ከመካፈላቸው በፊት ከዚያ እንዲከፍሉ ይዘዙ። መጋዘን ያለውን ሚዛን አይሽጡት፤ የሚገዛዎ ሰው በርካሽ የሚወስደው ስለሚያጎድል ነው። ወይ ያስተካክሉት፣ ወይ ሰብረው ለብረት ይስጡት።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ለሌሊቱ ዋጋ የማንሰጥ መስሎ እንዳይታይብን። ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ባለው የሱሑር ሰዓት ምሕረትን የሚለምኑትን አላህ በቁርኣን አወድሷቸዋል፤ ስለዚህ ያንን ሰዓት አይልቀቁት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የኢስቲግፋር (የምሕረት ልመና) አለቃ ብለው ያስተማሩት ዱዓእ፣ አላህ ጌታዬ ነህ፣ ፈጠርከኝ፣ ባሪያህ ነኝ፣ በተቻለኝ መጠን በቃል ኪዳንህ ላይ ነኝ፣ ከሠራሁት ክፋት በአንተ እጠበቃለሁ፣ ጸጋህን ዐውቃለሁ፣ ወንጀሌንም አምናለሁ፣ ማረኝ፣ ከአንተ በቀር የሚምር የለምና የሚል ነው። ጠዋትና ማታ ይቅሩት። በመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ደግሞ ዓኢሻ ለይለቱል ቀድርን ካገኘሁ ምን ልበል ብለው ሲጠይቁ የተማሩትን «አላሁመ ኢንነከ ዐፉውን ቱሒቡል ዐፍወ ፈዕፉ ዐንኒ» (አላህ ሆይ፣ አንተ ይቅር ባይ ነህ፣ ይቅርታን ትወዳለህ፣ ይቅር በለኝ) ያብዙ። እንባዎም አይቁም፤ ነገር ግን ሌሊት ያለቀሱለት ሰው ቀን ደጁ መሄድ ሲኖርብዎ ሰበብ እንዳይደረድሩ። ከዒዱ በፊት ስማቸውንና ቤታቸውን በደንብ ከሚያውቋቸው መካከል ቢያንስ የአንዱን ይጀምሩ፤ የመጀመሪያው ከተከፈለ ሁለተኛው ያን ያህል አይከብድም።

ለባለቤትዎ ስለመንገር የጠየቁትን በተመለከተ፣ ከሌሎቹ ሁሉ በፊት ለእርሷ ቢነግሯት ይሻላል እንላለን። ዕዳው ከቤቱ ገቢ የሚወጣ ስለሆነ ለዒድ የሚገዛው ልብስና ለክረምት የሚቀመጠው ቀለብ ይቀንሳል፤ ምክንያቱን ሳታውቅ ቀርቶ ሌላ ነገር ብትጠረጥር በቤትዎ ውስጥ አላስፈላጊ ችግር ይፈጠራል። እርሷ ያላወቀችውን ነገር ስለበላች አትወቀስም፤ ካወቀች በኋላ ግን ልትረዳዎ ትችላለች፤ ከሴቶቹ መካከል የትኛዋ መበለት እንደሆነች፣ የትኛው ቤተሰብ ወዴት እንደተሰደደ ከእርስዎ ይልቅ እርሷ የምታውቀው ብዙ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ገና ትንንሾች ከሆኑ ለጊዜው ዝርዝሩን ማወቅ አያስፈልጋቸውም፤ ከእነርሱ ሱቁን የሚረከብዎ ልጅ ካለ ግን የተጻፈው ኑዛዜ የት እንደተቀመጠ ይወቅ።